ነጩ ሌንስ፣ ጥቁሩ ሌንስና የአቶ አንጁሎ ፊት

ሰው በድንበር ይጣላል፤ በውርስ ይጣላል፤ የጎረቤቱ በሬ ማሳው ውስጥ ገብቶበት ይጣላል። ይህን ሁሉ ሶዶ ውስጥ አይቻለሁ፤ ሁሉም በቂ ምክንያት ያለው ጠብ ነው። እኔና ጋሼ ብርጋ ግን ሆድና ጀርባ የሆንነው የሎሚ ግማሽ በምታክል መስታወት ነው። ለዚያውም ስሙ አንድ፣ የተሠራበት አገር አንድ፣ ፊቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ የሆነ የካሜራ ሌንስ! ልዩነቱ የእኔው ነጭ፣ የእሱ ጥቁር መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ አስቴርን ላጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

በመጀመሪያ የእኔን ላስተዋውቃችሁ። ነጭ ስል እንደ ወተት እንዳይመስላችሁ፤ እንደ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት የሚያብለጨልጭ ማለቴ ነው። ከነካሜራው የገዛሁት መንገድ ሊሠራ መጥቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ሲያስረክበኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ እሱን እንደ ማጽናናት ሌንሱን ወደ ሰማይ ደግኜ ውስጡን አያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሆኜ አላውቅም። ሰው ሲያናግረኝ የሚለውን መስማት ትቼ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ከየት በኩል እንደመጣ እመረምራለሁ። የአራተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ልጆቹ መልስ ሲሳሳቱ «እስቲ ወደ መስኮቱ ትንሽ ዞር በል» እላቸው ነበር አሉ። እኔ ይህን አላስታውስም።

ጋሼ ብርጋ ደግሞ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ቤተሰቦቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው አጠገብ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው። ከፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናው ተቀምጧል፤ ከኋላ ባለው ክፍል ፎቶ ያነሳል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ለደንበኛ የሚያለብሰው አንድ ጥቁር ኮት አለው። ራሱ ነው የሰፋው። ጀርባው ከላይ እስከ ታች የተቀደደ ነው፤ ወፍራም ሰው ሲመጣ ይከፈታል፣ ቀጭን ሰው ሲመጣ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። ከበዴሳ እስከ ሃላሌ ባለ በማንኛውም ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ብታዩ ኮቱ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ከላይ ያለው ራስ ነው።

የእሱ ሌንስ ከእኔው በኋላ የተሠራ ነው። «ፋብሪካው ካሻሻለው በኋላ» ይላል እሱ። «ካበላሸው በኋላ» እላለሁ እኔ። በእኔው ውስጥ ቀዳዳውን የሚያሰፉና የሚያጠቡ አሥራ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። በእሱ ውስጥ ስድስት ናቸው። ይህን ቆጥሬ ያገኘሁ ቀን ትምህርት ቤት ሳልሄድ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

«ስድስት!» አልኩት ገና ከበሩ። «የአንተ ስድስት ብቻ ነው!»

ጋሼ ብርጋ የስፌት መኪናውን ሳያቆም፣ «አሥራ ሁለት ሰው የሚሠራውን ስድስት ሰው ከሠራው ጎበዞቹ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝና ስሌቱን በጣቴ እየቆጠርኩ ደግሜ ሠራሁት።

ደግሞም የእሱ ሌንስ ላይ ያለው ቀለበት ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የእኔው ድምፅ የለውም። «ሥራውን የሚናገር ዕቃ» ይለዋል የራሱን። «ወሬኛ» እለዋለሁ እኔ። ምን አለፋችሁ፣ ከመስቀል እስከ ገና በዚህ ስንነታረክ ከረምን።

እውነቱን ለመናገር የጥቁሩ ሌንስ ችግር ከፋብሪካው አልነበረም። ጋሼ ብርጋ በየማለዳው ሌንሱ ላይ «ሃ!» ብሎ ይተነፍስበትና በዚያው በደንበኞች ኮት ጫፍ አጥብቆ ይወለውለዋል። ልብስ ሰፊ ነዋ! የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ በጨርቅ የሚፈተግ ይመስለዋል። መስታወቱ በዚህ ዓይነት በጥቃቅን ጭረት ተሸፍኖ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ሆነ። ታዲያ ሰዉ ወደደው! የፈንጣጣ ጠባሳ ይጠፋል፤ ሽበት ይደበዝዛል፤ የስድሳ ዓመት ሰው የአርባ ሆኖ ይወጣል። እኔ የማነሳቸው ግን ፎቷቸውን አይተው ሁለተኛ አይመጡም ነበር።

አሁን ወደ አስቴር ልምጣ። አስቴር እኛው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። አባቷ አቶ አንጁሎ የእህል ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ጫፍ ነው። ከአስቴር ጋር ተስማምተናል። የቀረን የአባትየው እሺታ ነው። ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ማን ይመስላችኋል? ጋሼ ብርጋ! ምን ላድርግ፣ እኔ ለሥራ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አቶ አንጁሎ የሚያከብሩት ወዳጅ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ጠባችን ደግሞ በሌንስ ነው እንጂ በሌላ አይደለም። አቶ አንጁሎ በመጀመሪያው ጉዞ፣ «እናስብበት፤ እህሉ ይግባና ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። እንቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም።

እዚህ ላይ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ብርጋ ሱቅ ቁጭ ብለን ስንጨቃጨቅ አቶ አንጁሎ ገቡ። «ሳሮ! ሳሮ!» ብለው ሰላምታ ሰጡንና ለአዲሱ ቆርቆሮ ቤታቸው ግድግዳ የሚሆን ፎቶ ሊነሱ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እኔ ያየሁት አማቴን አልነበረም፤ ፊታቸውን ነው። ምን ዓይነት ፊት! ግንባራቸው እንደ ታረሰ ማሳ ነው። ጢማቸው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። ከሁሉም በላይ አይንቀሳቀሱም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት ሰዓት ሲቀመጡ ዝንብ ከግራ ጆሯቸው ተነስታ ቀኝ ጆሯቸው ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። ሁለት ሌንስ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ሰው በመላው ወላይታ አይገኝም።

«እሳቸውን በሁለቱም እናንሳቸው» አልኩ በሹክሹክታ።

ጋሼ ብርጋ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኚህ ሰውዬ ልጃቸውን የምትለምናቸው ሰው አይደሉም እንዴ?»

«ፈራህ?»

«እኔ? በል ቅዳሜ!»

አስቴር ይህን ስትሰማ በዕረፍት ሰዓት ጎትታ ከክፍሉ ኋላ ወሰደችኝ። «ሌላ ሰው አጣችሁ?» አለችኝ። «ፖሊሱን አንሱ። ዳቦ ጋጋሪውን አንሱ። አባቴን ተዉት።» እኔም፣ የዳቦ ጋጋሪው ፊት ልሙጥ ስለሆነ ለሙከራ እንደማይመች በዝርዝር አስረዳኋት። ጥላኝ ገባች።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። አቶ አንጁሎን ከሱቁ ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ፣ ኮቱን አልብሰን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ሁለቱም ሌንሶች ተራ በተራ እየተሽከረከሩ የእኔው ካሜራ ላይ ስለሚገቡ አድልዎ የለም። ርቀቱ ግን ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት። የጋሼ ብርጋ ሜትር አጠረችን። ስለዚህ ሲባጎ አመጣሁና አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የአቶ አንጁሎ አፍንጫ ላይ አድርጌ ቋጠሮ ቋጠርኩበት።

አቶ አንጁሎ ቁልቁል ሲባጎውን አዩት። «መምህር፣ ይቺ ገመድ ምንድነው?»

«ልኬት ነው አባባ።»

«እኛ አገር ሰውን በገመድ የሚለካ ሳጥን ሠሪ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱም ሰውዬው ከሞተች በኋላ ነው።»

ጋሼ ብርጋ ቶሎ ብሎ፣ «አይ! ለፍሬሙ ነው፣ ለፎቶው ፍሬም!» አለ። እኔ ደግሞ እውነት ወዳድነቴ መጣብኝና «ለፍሬም እንኳን አይደለም» አልኩ። በክርኑ ጎሸመኝ።

ማንሳት ጀመርን። በጥቁሩ አንድ፣ በነጩ አንድ። ቀዳዳውን ጠበብ አድርገን በጥቁሩ፣ ጠበብ አድርገን በነጩ። የፊልሙ ጥቅልል ሠላሳ ስድስት ያነሳል፤ እኔም ሠላሳ ስድስቱንም ልጨርስ ቆርጬ ነበር። በየመሐሉ ሌንስ መንቀል፣ ሌንስ መግጠም፣ ሲባጎ ወደ አፍንጫ መውሰድ አለ። ገበያተኛው አጥሩ ላይ ተደረደረ። አንዲት ሴትዮ፣ «ምን ሆኑ?» ብላ ስትጠይቅ አንዱ፣ «ሃያ ጊዜ ተኩሶ ሳታቸው» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በተነሳ ቁጥር ሰዉ «አገኛቸው?» «አላገኛቸውም» ይባባላል። ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸውን መታችው፤ ላብ በግንባራቸው መስመር መስመሩን ይዞ ይወርዳል። እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም።

ሠላሳኛው ላይ ሰውነታቸው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

«አባባ፣ አይተንፍሱ!» አልኩ።

ጋሼ ብርጋ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አቶ አንጁሎ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ መተንፈስ አቆሙ። የቀሩትን ስድስቱንም እስክጨርስ አልተነፈሱም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሲተነፍሱ ግን አላየሁም።

ፊልሙን አጥበን ከየሌንሱ አንድ አንድ መርጠን በትልቁ አተምን። አቤት! በጥቁሩ አቶ አንጁሎ ሙሽራ መስለዋል። ግንባራቸው ለስላሳ፣ ጢማቸው ጥቁር፣ ጉንጫቸው ሞላ ያለ። በነጩ ግን እያንዳንዷ መስመር፣ በልጅነታቸው በሬ የወጋቸው የጉንጫቸው ጠባሳ፣ ከዓይናቸው ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አሸነፍኩ! ጋሼ ብርጋ ፎቶዎቹን እያገላበጠ አየና ዝም አለ። እኔ ግን ዝም የሚል አፍ አልፈጠረልኝም። ማክሰኞ ዕለት ሱቁ በደንበኛ በተሞላበት ሰዓት ሁለቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰክቼ፣ የጋሼ ብርጋን የእንጨት ማስመሪያ ይዤ ትምህርት ጀመርኩ።

«ልብ በሉ! በጥቁሩ ሌንስ ግንባሩ ላይ ስንት መስመር ይታያል? ሁለት! በነጩስ? እንቁጠር። አንድ፣ ሁለት... ይህ በቅንድቡ ላይ ያለው እንደ ገደል የገባው ሦስት... እዚህ ደግሞ ቆዳው እንዴት እንደተሸበሸበ ተመልከቱ...»

አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ከእኔ ጋር የሚቆጥር ሰው ጠፋ። ዞር ብል አቶ አንጁሎ በሩ ላይ ቆመዋል። ገባ ብለው ሁለቱንም ፎቶ ከግድግዳው ነቀሉ፣ በመሐረብ ጠቀለሉና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ወጡ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንኳ ማስመሪያው ከእጄ አይወድቅም ነበር፤ እንዲያ ደርቄያለሁ።

አስቴር በማግስቱ፣ «ደስ አለህ?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሁለቱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሌሊትና ቀን ያያቸዋል። አይናገርም። አይበላም። እናቴ ታሟል ወይ ትላለች። እንቢ ካለ እኔ ከአባቴ ቃል አልወጣም፤ ይህን ዕወቅ።» እንደዚያ ቀን ሌንሱን ከዳሞታ አናት ላይ መወርወር አምሮኝ አያውቅም፤ አልወረወርኩትም እንጂ።

እህሉ ገባና ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ተላኩ። እንደምታውቁት ጠያቂው ልጅ ራሱ ቤት አይገባም። ሽማግሌ ያመላልስለታል፤ እሱ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። እኔም ከአጥሩ ውጪ፣ ከእንሰቱ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጋሼ ብርጋ ብቻውን ወጣ።

«ጥያቄ አላቸው» አለኝ።

«የምን ጥያቄ?»

«ሁለቱን ፎቶ ፊታቸው አስቀምጠዋል። ‹ከእነዚህ እኔ የትኛው ነኝ? ልጁ ራሱ ይመልስ› ብለዋል። መልሱን ይዤ እገባለሁ።»

ወይ ጣጣ! አስቡት እስቲ። ነጩ ናቸው ብል አሥራ አንድ ድረስ የቆጠርኩትን ስድብ ደገምኩት ማለት ነው፤ አስቴር ሄደች። ጥቁሩ ናቸው ብል ደግሞ ከመስቀል እስከ ገና የተከራከርኩበትን ሁሉ በአንድ ቃል አፈረስኩት፤ እሱንም በማን ፊት? በጋሼ ብርጋ ፊት! እንሰቱን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ።

«ጥቁሩ» አልኩ።

«ምን አልክ? አልሰማሁም።»

«ጥቁሩ ናቸው!»

«ጥቁሩ ሌንስ ይበልጣል እያልክ ነው?»

«ይበልጣል! ይበልጣል አልኩህ! ግባ!»

ገባ። አልሳቀብኝም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ የቆምኩበትን ሰዓት በሰዓት አልለካውም። በመጨረሻ ከቤት ውስጥ እልልታ ተሰማ! የአስቴር እናት ናቸው። እንሰቱን አቀፍኩት።

ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጄን ጨብጠው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔና ጋሼ ብርጋ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ «ጥቁሩን መውደዳቸውን ማወቅ ነበረብኝ» አልኩ፤ ሽንፈቴን በደስታ እያወራረድኩ። «ማን ወጣት መምሰል ይጠላል?»

«ነጩ ነው አልኳቸው» አለ።

ቆምኩ። «ምን?»

«‹ልጁ ነጩ ናቸው ብሏል› አልኳቸው።»

«እኔ እኮ ጥቁሩ...»

«ሰምቼሃለሁ። ሦስት ጊዜ ብለኸዋል።» ትንሽ ሄድ አለና ቀጠለ። «ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ሰው የትኛውን ጨርቅ እንደወደደ በአፉ ሳይናገር በእጁ አውቃለሁ። ጥቁሩን አልነኩትም። ጣታቸው ከነጩ ላይ አልተነሳም፤ ያን የቆጠርክላቸውን መስመር እየዳሰሱ ነው የሚያወሩት። አባታቸው ፎቶ ሳይነሱ ነው የሞቱት። ‹በዚህች ፎቶ አባቴን አገኘሁት፤ ሠላሳ ዓመት ፊቱ ጠፍቶኝ ነበር› ነው ያሉት መልስህን ስነግራቸው።»

እኔ አባባ እስኪጣሉኝ ድረስ መስመር ስቆጥር እሳቸው በየመስመሩ አባታቸውን ሲፈልጉ ኖሯል። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ሌላስ ምን አሉ?»

ጋሼ ብርጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ልጄን እንደሚያጣ እያወቀ ፊቴን እንዳለ የነገረኝ ሰው ልጄን አይዋሻትም። ውሰዱ፣ ሰጥቻለሁ› አሉ።»

ይኸው ሁለት ወለድን። ነጩ ፎቶ በቆርቆሮው ቤት ትልቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየበዓሉ ጥሬ ሥጋው በዳጣ፣ ቆጮው በቅቤ ሲቀርብ አባባ እንግዳውን ሁሉ ወደ ፎቶው ያዞሩና፣ እውነተኛ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔን እያሳዩ ያስተምራሉ። ጋሼ ብርጋ ከእንግዶቹ መሐል «እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ» ይላል። እኔ ወደ ቆጮዬ አቀረቅራለሁ። ሰዉ ትሕትና ይለዋል።

ባለፈው ሳምንት ከአስቴር ጋር ፊልም ልገዛ ሱቁ ገባሁ። ከሃላሌ የመጡ ሦስት ደንበኞች ኮቱን ተራ ይጠብቃሉ።

«ጥሩ ጊዜ መጣህ መምህር!» አለ ጋሼ ብርጋ። «እነዚህ ሰዎች የትኛው ሌንስ እንደሚሻል ጠይቀውኝ ነበር። እኔ የራሴን ባመሰግን አያምኑኝም። አንተ እውነት በመናገር የታወቅክ ሰው ነህ፤ ንገራቸው።»

ደንበኞቹን አየሁ። እሱን አየሁ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ጥቁሩ» አልኩ።

አስቴር ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ ብርጋ እንዳይከፋው ብሎ እኮ ነው» አለቻቸው ለሰዎቹ፣ ክንዴን ያዝ አድርጋ። «አያችሁት እንዴት እንደተጨነቀ? ባለቤቴ መዋሸት አይችልም።»

«አይችልም» አለ ጋሼ ብርጋ፤ ፊልሙን እየጠቀለለ። «እሱ ሲያቅተው እኔ አግዘዋለሁ።»